ሃያ ያልነው ሁለት

ጥር 4፣ 2004፣ ሞላሌ
ከመሥሪያ ቤታችን የዘር ማብቀያ ሳጥን ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ። በሩ ላይ ያለው ማሳያ ከተቃጠለ ወዲህ ሙቀቱን የምናውቀው በኮምፒዩተር ብቻ ነው፤ ሁለቱን የሚያነጋግረው ፕሮግራም ደግሞ በእኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሙቀቱን ስጠይቀው ቁጥሩን ከነነጥቡ፣ ከነፊደሉ አግተልትሎ ይመልሳል። ፕሮግራሜ ፊደል ሲያይ ይደነብራል… መረረኝና ከቁጥር በቀር ሁሉንም ጥለህ አንብብ አልኩት። ሃያ ዲግሪ ሁን ብዬ ላክሁ፤ ሃያ አለኝ። እሰይ!
አለቃዬ ጋሽ ኪዳነ ወልድ፣ «አንቺ ልጅ ጉደኛ ነሽ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ምን ይደበቃል።

ጥር 8
ገበሬው አባባ ወዳጆ ጥቁር ገብስ ሊያስፈትሹ ይዘው መጡ። ሌላው ሰው ይህን ዘር ከተወው ቆይቷል፤ የቀረው እሳቸው ቤት ብቻ ነው።
«ማሳዬን ውርጭ መታብኝ፣ ልጄ። ለበልግ የተረፈኝ አንዲት ቁና ናት። ነፍስ አለው የለውም? እሱን ንገሪኝ።»
ካልበቀለ የገበሬ ማኅበሩን ዘር ሊወስዱ ነው። ከቁናዋ ጭብጥ ያህል ተቀብዬ ሳጥኑ ውስጥ ደረደርኩ። እጄን ቀዘቀዘኝ… በጥር ሞላሌ ውስጥ የማይቀዘቅዝ ምን አለ?

ጥር 15
አንድም አልበቀለም። ሳጥኑን በየቀኑ ስጠይቀው ሃያ እያለኝ… አንዲት ፍሬ እንኳ?
ጋሽ ኪዳነ ወልድ፣ «ውርጩ ጨርሶታል፤ ሽማግሌውን አታጉላዪ፤ ንገሪያቸው» አሉ። ነገርኳቸው።
«ይሁን፤ ቁርጥ ያጠግባል» አሉና ሄዱ። የደረደርኩትን ለጎረቤት ዶሮዎች በተንኩት።

ጥር 24
ጋሽ ኪዳነ ወልድ ከትናንት ወዲያ ወተት ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠው ነበር፤ ሞቅ ያለ ነው፣ ቶሎ ይረጋልኛል ብለው። ዛሬ አወጡት። ያው ወተት!
«የዚህ ቤት ወተት ደግሞ መርጋት እምቢ አለ?» እያሉ ይስቃሉ። እኔ ግን ክው አልኩ። ቴርሞሜትር አስገባሁ። ሁለት ዲግሪ!
ሳጥኑ ማሞቅም ማቀዝቀዝም ይችላል፤ ሲታዘዝ ግን በአሥር የተባዛ ቁጥር ነው የሚፈልገው፤ ለሃያ፣ «ሁለት መቶ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ሲመልስ ግን እንደ ሰው በነጥብ ነው። ሃያ ስለው ሁለት ሆነ፤ ሁለት ነጥብ ዜሮ ሲለኝ ነጥቡን ጥዬ ሃያ አልኩት። የራሴን ስህተት በራሴ ስህተት ደፈንኩት። እንደዚያ ብርድ ምን ይበቅላል?
ምነው እጄን ሲቀዘቅዘኝ ልብ ባልኩ! ነገ በጠዋት አባባ ወዳጆ ቤት እሄዳለሁ። ቁናዋ አለች…

ጥር 25
የለችም።
ባለቤታቸው እማማ ጌታነሽ ደጃፉ ላይ ብቅል አስጥተዋል። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም የበቀለ።
«ሰንበቴው በእኛ ተራ ነው። ዘር አይሆንም ስትሉን ለጠላው ግማሹን ብቅል፣ ግማሹን አሻሮ አደረግነው። ይኸው አየሽ፤ አንድ ያልበቀለ የለም!» እያሉ ያሳዩኛል። ግራ ገብቷቸዋል።
የበቀለው ደርቋል፤ የቀረው ተቆልቷል። ምኑ ይዘራል?
አባባ ወዳጆ ከበረት መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውርጭ አይደለም፣ የእኔ ጥፋት ነው ብዬ አለቀስኩ። ከብቅሉ ቆንጥረው መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። «ነፍስ ነበረው በያ» አሉ። ቢቆጡኝ ምናለ…

ጥር 26
ፕሮግራሙን አረምኩ። ሲጽፍ በአንድ መልክ፣ ሲያነብ በሌላ፤ የላከውን መልሶ ያመሳክራል። ቴርሞሜትሩም ከሳጥኑ አይወጣም። ልክ ሆኗል። ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?

የካቲት 4
አባባ ወዳጆ ለሰንበቴ አስጠሩኝ። አልሄድም ብዬ ነበር… ጋሽ ኪዳነ ወልድ ጎትተው ወሰዱኝ።
ጠላውን አባባ ወዳጆ ራሳቸው ቀዱልኝ። ቀመስኩት። ሲጣፍጥ! ሰዉ ሁሉ «የዘንድሮስ ልዩ ነው!» ይላል። አጠገቤ ጎረቤታቸው በኃይሉ ተቀምጦ ነበር።
«ጋሽ ወዳጆ፣ ይህ ያ ጥቁሩ ገብስ አይደል? ለከርሞ ትንሽ ዘር ያበድሩኝ።»
አንገቴን ደፋሁ።
«አለቀ» አሉት።
«እንዴት? ምን አገኘው?»
«ውርጭ በላው።»
ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው አላዩኝም። ዋንጫዬ ሳይጎድል ደገሙልኝ።