የ«ጎምላላዋ» ዋና አስተናጋጅ የነበሩትን ባልደረባችንን በሞት ስለማጣታችን

ከጡረተኛ የበረራ ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር ለአባላት፣ ለቀድሞ መንገደኞቻችንና ለወዳጆቻችን ሁሉ፤

የማኅበራችን መሥራች አባል፣ በባለ አራት ሞተሩ የረጅም ርቀት ጄት ለሃያ ሰባት ዓመታት ያገለገሉት ዋና አስተናጋጅ ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ያረፉትም በዚያው አውሮፕላን ውስጥ ነው። የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ ይህን መግለጫ ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ቀዷል። ሐዘናችን በቢሮ ቋንቋ የሚገለጽ ስላልሆነ፣ የቃላት ጉድለት ቢታይ አባላት እንዲታገሡን እንጠይቃለን።

ሟች በ1966 ዓ.ም. በሃያ አንድ ዓመታቸው የጽሕፈት መኪና ሥራቸውን ትተው በአስተናጋጅነት ተቀጠሩ። በዚያው ዓመት አዲሱ ትልቅ አውሮፕላን ገባ። ቀስ ብሎ፣ ግራ ቀኙን እያየ የሚራመድ ስለሚመስል ሠራተኛው «ጎምላላዋ» አለው፤ ስሙም ጸና። ማኅበሩ በአሥረኛ ዓመቱ የአባላትን ትዝታ ሲያሰባስብ ሟች የሰጡት ቃል በመዝገባችን ይገኛል፦ «ያኔ ሰው የሚሳፈረው ሠርግ እንደሚሄድ ለብሶ ነው። ምግብ በሸክላ ሳህን፣ መጠጥ በእውነተኛ ብርጭቆ። ከኋላ ያሉት ሲያጨሱ ጭሱ ከፊት ላሉት ይደርሳል፤ ማንም አይቆጣም። ፎቅ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ደረጃ ላይ ትሪ ይዤ ስወጣ አንድም ቀን አልፈሰሰብኝም። ጎምላላዋ ደግሞ ቶሎ አትነሳም። መንደርደሪያው ሊያልቅ ሲል ነው የምትነሳው፤ ታስብበታለች።»

በ1968 ዓ.ም. አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፍረው አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ተጓዙ። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ሟች ጠጋ ብለው «እማማ፣ ምነው እግርዎን እንኳ አላፍታቱም?» ቢሏቸው፣ «ቀበቶሽን እሰሪ አልሽኝ፤ ፍቺ አላልሽኝም» አሉ። ሟች አውሮፕላኑ እንደ ቆመ ሌላውን መንገደኛ ለጓደኞቻቸው ትተው፣ እኚህን እናት በክንዳቸው ደግፈው ከጫፍ እስከ ጫፍ አመላለሷቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ የቀበቶው መብራት ሲጠፋ በየወንበሩ እየዞሩ «አሁን መፍታት ይቻላል» ማለትን ልማድ አደረጉት። «እትዬ ቀበቶ» የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ ነው። አለቆች በሚሰሙበት ሁሉ እንጠራቸው ነበር፤ ተቆጥተውን አያውቁም።

በ1971 ዓ.ም. የአውሮፕላኑን የበረራ መሐንዲስ አገቡ። ለወጣት አባላት ለማስረዳት ያህል፣ በጎምላላዋ የአብራሪዎች ክፍል ሦስት ሰው ይቀመጥ ነበር፤ ከሁለቱ አብራሪዎች ኋላ፣ ፊቱን ወደ ጎን ወደ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው አዙሮ ሞተሩንና ነዳጁን የሚጠብቀው ሦስተኛው መሐንዲሱ ነው። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ሟች ሻይ ይዘው በገቡ ቁጥር «ስኳር ስንት?» ሲሏቸው፣ ጋሼ ለሁለት ዓመት «ሁለት፣ በደንብ ይማሰል» እያሉ አቆይተዋቸዋል። «ስኳር እንደማይወድ ያወቅሁት ከተጋባን በኋላ ነው» ይሉ ነበር ሟች፣ ሁልጊዜም እየሳቁ።

በ1993 ዓ.ም. ጎምላላዋ የመጨረሻ በረራዋን ፈጸመች። አዲሶቹ አውሮፕላኖች ሦስተኛ ወንበር ስለሌላቸው የጋሼ ሙያ አብሮ ተዘጋ። ባልና ሚስቱ በአንድ ቀን ጡረታ ወጡ። አውሮፕላኗም ለሠልጣኞች ማስተማሪያ እንድትሆን ከማሠልጠኛው ሜዳ ዳር ቆመች፤ የአብራሪዎቹን ክፍል የመጠበቅ ኃላፊነት ለማኅበራችን ተሰጠ።

በ2008 ዓ.ም. ጋሼ በመርሳት ሕመም ተያዙ። ከገዛ ቤታቸው ወጥተው «ቤቴ ውሰዱኝ» ማለት ጀመሩ። ለራት አልቀመጥ ሲሉ ሟች ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው በዚያ በምናውቀው ድምፅ «ክቡራትና ክቡራን፣ እባክዎን በየመቀመጫዎ ይቀመጡ» ይሏቸዋል፤ ጋሼ ወዲያው ይቀመጣሉ። ይህን የነገሩን ልጃቸው ናቸው።

በቀጣዩ ዓመት ሟች ለማኅበራችን የጻፉት ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ባለቤቴ በቤታቸው እንግዳ ሆነዋል። ራሳቸውን የሚያውቁበት አንድ ወንበር ቀርቷል፤ እሱም እናንተ ዘንድ ነው። በሳምንት አንድ ቀን እንዲቀመጡበት ብትፈቅዱልኝ።» ደብዳቤው ለኮሚቴ ይቅረብ ተብሎ ተመራ፤ ኮሚቴው ለሕግ ክፍል መራው፤ ከሕግ ክፍልም ተመልሶ ፋይል ውስጥ ተኛ። መልስ የሰጠነው በሰባት ወሩ ነው። በእነዚያ ሰባት ወራት ጋሼ የልጃቸውን ስም ረሱ። ይህን በመግለጫ ላይ ማስፈር የተለመደ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ሆኖም ሟች በሕይወት ሳሉ ያልጠየቅናቸውን ይቅርታ ዛሬ በአደባባይ እንጠይቃለን።

ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በየማክሰኞው ረፋድ ሁለቱ ይመጡ ነበር። ጋሼ ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ጀርባቸው ይቃናል። ሟች ከረዳት አብራሪው ወንበር ሆነው ከበረራ በፊት የሚነበበውን ዝርዝር ያነቡላቸዋል፤ ጋሼ እያንዳንዱን ማብሪያ በጣታቸው እየነኩ ይመልሳሉ። «ነዳጅ ፓምፕ፣ አንድ?» «በርቷል።» «ሁለት?» «በርቷል።» አብዛኞቹ መብራቶች ከሞቱ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሚስታቸውን በስም መጥራት የተሳናቸው ሰው ከዘጠና በላይ የሆኑትን መስመሮች አንድ ሳይስቱ ያጠናቅቁ ነበር። ሲጨርሱ ዘወር ብለው «አመሰግናለሁ፣ ሆስቴስ» ይላሉ። ሟች ለዚህች ቃል ሲሉ ሳምንቱን እንደሚጠብቁ ለአውሮፕላኗ የጥበቃ ሠራተኛ ነግረውታል።

ከልጃቸው አሁን እንደ ተረዳነው፣ ሐኪም የሟችን ልብ መርምሮ ደረጃ እንዳይወጡ ካስጠነቀቃቸው ሁለት ዓመት አልፏል። ከመሬት እስከ ጎምላላዋ በር ሃያ ሁለት ደረጃ ነው፤ ከዚያ የአብራሪዎቹ ክፍል እስካለበት ፎቅ አሥራ አራት። ልጃቸው ሲቆጡ፣ «ሐኪሙ ደረጃ አትውጪ እንጂ አውሮፕላን አትውጪ አላለኝም» እያሉ በሳቅ ያልፉት ነበር። እኛም ቢሆን በደረጃው መሐል ቆመው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ አይተናል። እርጅና ነው ብለን አለፍን። ከመቶ አርባ አባላት መካከል በስድስት ዓመት ውስጥ «ዛሬ እርስዎ ይረፉ፣ እኔ ላንብብ» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ማክሰኞ እንደ ወትሮው ገቡ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ስላልወረዱ የጥበቃ ሠራተኛው ወደ ላይ ወጣ። በሰጠው ቃል መሠረት ሟች የዝርዝሩን መጽሐፍ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ራሳቸውን ወደ መስኮቱ አዘንብለዋል። የጋሼ ኮት ትከሻቸው ላይ ተደርቧል። ጋሼ ጣታቸውን አንዲት ማብሪያ ላይ እንዳኖሩ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ እንውረድ እንጂ፤ ሰዓቱ እኮ ሄደ» አላቸው።

«ዝርዝሩ አላለቀም። የሚቀጥለውን እስክታነብልኝ እየጠበቅሁ ነው።»

ሠራተኛው ወደ ሟች ሲጠጋ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አትቀስቅሳት ልጄ፤ ደክሟት ነው። ከሩቅ ነው የመጣችው» አሉት።

አንድ ሰዓት ያህል እንዲያ ጠብቀዋል።

የሟች ሥርዓተ ቀብር ሐሙስ ዕለት ቤተሰብ፣ የሥራ ባልደረቦችና ብዛት ያላቸው የቀድሞ መንገደኞች በተገኙበት ተፈጽሟል። ከመንገደኞቹ አንዱ ከአርባ ዓመት በፊት ሟች ፈርመው የሰጡትን የአውሮፕላኗን ፖስትካርድ ይዘው መጥተው ነበር፤ ለማን እንደሚሰጡት ጨንቋቸው በመጨረሻ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ኮሚቴው በዕለቱ ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ፣ ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ አባላት በተራ ጋሼን እያመጡ ዝርዝሩን እንዲያነቡላቸው ወስኗል። ተረኞች ስማቸውን በጽሕፈት ቤቱ ያስመዝግቡ። ጥቁር ለብሶ መምጣት አይፈቀድም።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው፣ ለሴት ልጃቸው፣ ለእኅቶቻቸውና አብረዋቸው ለበረሩ ሁሉ መጽናናትን ከልብ ይመኛል። ነፍሳቸውን ፈጣሪ በአጸደ ገነት ያኑርልን።

በመጨረሻም ልጃቸው በአደራ ያስተላለፉትን መልእክት ቃል በቃል እናሰፍራለን፦ «አባዬ አንዴ ነግሬው አልቅሷል። በማግስቱ ረስቶ ሲጠይቀኝ ደገምኩለት፤ እንደ አዲስ አለቀሰ። ከእንግዲህ ማንም እንዳይነግረው። በረራ ላይ ናት ብላችሁም እንዳታታልሉት፤ የምትመለስበትን ሰዓት አስልቶ መስኮት ላይ ይቆማል። ወጣ ብላለች ብቻ በሉት።»

ስለሆነም ይህ መግለጫ በጋሼ ፊት አይነበብም፤ በአውሮፕላኗ በርም ላይ አይለጠፍም። አባላት ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አንድ ብቻ ነው፦

ወጣ ብለዋል።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ