ሜሮን ለሰርጓ የመረጠችው ደመና

ለውዷ ባለቤቴ ለጽጌ፣

ከተለየሽን ይኸው ሁለተኛው ሰኔ ገባ። እንደምን አለሽ ብዬ ልጠይቅሽ አልችልም፤ እኔን ግን ብትጠይቂኝ ተናድጃለሁ። በጣም ተናድጃለሁ። ወደ ንዴቴ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር እዪልኝ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። አዎ፣ እኔ ተፈራ! የኪራይ ውሉንም፣ የሐኪሙንም ወረቀት፣ የልጃችንን የሜሮንንም መልእክት አንቺ እያነበብሽልኝ የኖርኩት ሰውዬ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ማታ ማታ የሚሰጠውን የፊደል ትምህርት ገብቼ ባለፈው ወር ጨረስኩ። አስተማሪያችን ልጅ እግር ናት፤ "ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ቶሎ የገባው ሰው አላየሁም" አለችኝ። ለሌሎቹም እንደዚያው ስትል ሰምቻለሁ፤ ለእኔ ያለችው ግን ከልቧ ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ።

ሰማዩ ነው። የዚህን አገር ሰኔ ታውቂዋለሽ። ጠዋት ስነሳ ከባሕሩ የመጣው ደመና ጣሪያው ላይ ተኝቷል፤ ቀኑ እኩል ሲሆንም አልተነሳም። ሰዎቹ "ጁን ግሉም" ብለው እንደ ልጅ ስም አውጥተውለታል፤ የሰኔ ጭጋግ እንደ ማለት ነው። ሆሊውድ እኔ የምሠራበት መኪና ማቆሚያ የሚመጣው ቱሪስት ሁሉ ቁምጣ ለብሶ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉን ሲሰጠኝ "ፀሐይዋ የት አለች?" ይለኛል። ከቁልፎቹ ጋር ሳጥን ውስጥ የቆለፍኩባት ይመስል! ቤትም ያው ነው። በረንዳው ላይ ያሰጣሁት ፎጣ ከተሰጣ ቀናት አለፉት፣ ዛሬም እርጥብ ነው። አንቺ የተከልሽው ጎመን ብቻ ተመችቶታል። ብርዱን ወዶ እስከ መስኮቱ ድረስ አድጓል፤ እኔ እየበላሁ፣ እሱ እያደገ፣ ማን እንደሚያሸንፍ እናያለን።

እንግዲህ በዚህ ሰማይ ስር ነው ልጅሽ ባሕር ዳር ልታገባ የተነሳችው። ሳንታ ሞኒካ፣ አሸዋው ላይ፣ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት። ልጁን ታውቂዋለሽ፤ ሆስፒታል ሊጠይቅሽ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ ያወለቀው ነው። በእሱ ቅር አይለኝም። የሚያናድደኝ ቦታውና ወሩ ነው። "በሰኔ?" አልኳት። "በሰኔ" አለችኝ። "ውጪ?" አልኳት። "ውጪ" አለችኝ። ግትርነቱን ከማን እንደወረሰችው ሁለታችንም እናውቃለን፤ እኔ ግን አንቺ ነሽ ባይ ነኝ።

ሶ፣ እኔ ምን አደረግኩ? አባት የሚያደርገውን። ይህን ሁሉ ቀን የጠቆረ ሰማይ እያየሁ ዝም ልበል? እኔና አንቺ ባደግንበት አገር ሰኔ ላይ ሰማይ እንዲህ ሲጠቁር ሰው ዕቃውን ያስገባል እንጂ ሙሽራ አያወጣም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናችንን አዳራሽ አስፈቀድኩ። ከዚያም ስልኬን አንስቼ የተጠራውን ሰው በሙሉ አዳረስኩ፤ "ሰርጉ ወደ አዳራሽ ተዛውሯል" አልኩ። ለሜሮን በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ነው። ሰው እንዴት እንደመረቀኝ! ከበላያችን ያሉት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ "እሰይ የኔ ልጅ! እኔማ ዝናቡ ቢመጣ በዚህ ጉልበቴ በየት በኩል እሮጣለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር" አሉኝ። ከዚያስ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ለሜሮን ደውለው አመሰገኗት።

ሜሮን ወዲያው ከካልቨር ሲቲ ድራይቭ አድርጋ መጣች። መኪናዋን ጠማማ ፓርክ አድርጋ፣ ያውም በእኔ በባለሙያው ደጅ! "አባዬ፣ ሰርጌን ካንስል አደረግክብኝ?" አለች። ካንስል አይደለም፣ ከዝናብ አስገባሁልሽ አልኳት። "ኤልኤ ውስጥ በሰኔ ዝናብ አይተህ ታውቃለህ?" አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለአባት አይቀርብም። "ንገረኛ! አንድ ቀን?" አላየሁም፣ ጽጌ። ይህን ሁሉ ዓመት ውጪ ቆሜ ስሠራ አንድ ቀን አላየሁም። ግን ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ጃንጥላ ይዤ እንደምወጣ ታውቂያለሽ፤ ስቀሽብኝ ስቀሽብኝ ሰልችቶሽ ትተሽዋል።

ከዚያ ቁጭ አለች፤ ድምጿም ወረደ። "ፀሐይ ብፈልግ ኖሮ ነሐሴ ላይ አደርገው ነበር" አለችኝ። "እኔ የፈለግኩት ይሄንኑ ደመና ነው። እማዬ ባሕር የምትወስደኝ ሁልጊዜ በሰኔ ነበር።"

ከአንቺ ጋር ያለኝ ጠብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኔ እሁድ እሁድ የሰው መኪና ሳቆም፣ አንቺና ልጅሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ ባሕር ትሄዱ ነበር! ሰው የለም፣ ፓርኪንግ እንደ ልብ ነው፣ ፀሐይ አያቃጥልም እያልሽ። የእንቁላል ሳንድዊች ይዛችሁ። ቀሚስሽን እስከ ጉልበትሽ ሰብስበሽ ውሃው ውስጥ ትቆሚ ነበር አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ቦታሽ አረጋውያን ስትንከባከቢ ከዚህም ከዚያም "ጽጌ! ጽጌ!" ስትባይ ነበር የምትውይው፤ ለሜሮን "እዚህ ማንም አይጠራኝም" ብለሻታል። ይህን ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር፤ እኔ ደግሞ እበግን ነበር። ለምን አልነገርሽኝም? መኪናችን ውስጥ ሁልጊዜ አሸዋ አገኝ ነበር እኮ! ከየት ነው የሚመጣው እያልኩ እየተነጫነጭኩ ስጠርግ፣ አንቺ ኮስተር ብለሽ "የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይሆናል" ትይኝ ነበር። ግቢው አስፋልት ነው! መኪና በድምፁ የማውቅ ሰው፣ ይህ አለፈኝ። ደስ ስላለሽ አይደለም የከፋኝ። አንድ እሁድ ፈቃድ ጠይቅና ና ብትይኝ እመጣ ነበር። እየተነጫነጭኩ፣ ጃንጥላዬን ይዤ፣ ግን እመጣ ነበር።

ሜሮን ስትወጣ ደህና ሁን እንኳ አላለችኝም። የቀረነው እኔና እሷ ነን። እሷም ካኮረፈችኝ ቤቱ ውስጥ የሚቀረኝ ጎመኑ ብቻ ነው።

በማግስቱ ስልኬን አንስቼ እንደገና ሁሉንም አዳረስኩ። "የአየሩን ሁኔታ አጥንቼ ወስኛለሁ፤ ባሕር ዳር ነው" አልኩ። የሙሽራው አባት "ሶ፣ አቶ ተፈራ፣ ዋናው የትኛው ነው?" አሉኝ። እትዬ አስካለማ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሰርግ ነው የጠራኸን ወይስ ድብብቆሽ? ጃንጥላ ልያዝ አልያዝ?" አሉ። ጋቢ ይያዙ አልኳቸው። "ዝናቡስ?" ኤልኤ ውስጥ በሰኔ ዝናብ አይተው ያውቃሉ ወይ አልኳቸው። ጥያቄው ለካ ለጠያቂው ደስ ይላል።

ማታ ከሜሮን መልእክት ገባ። ማንንም ሳልጠራ መነጽሬን አድርጌ ራሴ አነበብኩት። "እትዬ አስካለ ነገሩኝ። ኦኬ አባዬ። ጃኬት ልበስ" ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። መቼም ማንበብ ስለምችል ነው።

ትናንት ደግሞ መጥታ ጎመን ቆርጣ ስትወጣ፣ በር ላይ ስልኳን እያየች "ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ልትወጣ ትችላለች ይላል" አለችኝ። ደሜ ፈላ! ወሩን ሙሉ ስንለምናት ያልወጣች ፀሐይ፣ ስንት ሰው አስቀይሜ ደመናውን ከተቀበልኩ በኋላ ነው የምትወጣው? አንቺ ከእኔ ይልቅ ለሰማዩ ትቀርቢያለሽና እባክሽ አንድ ቃል ተናገሪልኝ። ለአንድ ጠዋት ብቻ ትደበቅ፤ ምሳ ሲደርስ እንዳሻት ታድርግ።

አስታውስሻለሁ ማለት ቀላል ነው፣ ማንም ይለዋል። እኔ ግን ሥራ ቦታ ሄጄ፣ ከእንግዲህ በየዓመቱ የሰኔን እሁዶች አልሠራም አልኩ። አለቃዬ የት ልሄድ እንደሆነ ጠየቀኝ። ባሕር አልኩት።

"በሰኔ? በዚህ ጭጋግ ምን ልታይ ነው?" አለኝ።

ሚስቴን አልኩት።

ያንቺው፣
ተፈራ