«አይሰማትም» ስለተባለችው እህቴ

ለተከበሩ የ«ብሩህ አንጎል ማነቃቂያ ማዕከል» ዳይሬክተር፣
መካነ ሰላም

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ የማሽኑን ቁልፍ የሚያዞሩባት ቀኝ እጅዎ ከድካሟ አርፋ እንደሆነ እጅግ አስባለሁ። ቤተሰባችን ምስጋናውን ሳያቀርብ መቆየቱ ነውር ስለሆነ ይህን ደብዳቤ በትሕትና ጽፌያለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ እህቴን ፍቅርአዲስን ለሥራ በሄደችበት ዓረብ አገር አሠሪዋ ሴትዮ አናቷን በብረት ዘነዘና ፈንክታት በቃሬዛ ተመለሰችልን። ዓመት ሙሉ ዓይኗን ገልጣ፣ ሳትናገርና ሳትንቀሳቀስ ተኛች። እርስዎም «አንጎሏን በኤሌክትሪክ ቀስቅሼ በሦስት ቀን እንድትናገር አደርጋታለሁ» አሉን፤ አመንን። ስለዚህም፦

፩. በመጀመሪያው ቀን ከአልጋው ጋር በገመድ ስለጠፈሯት አመሰግናለሁ። መነሣት የማትችል ሴት እንዳታመልጥ መጠንቀቅ የአዋቂ ሥራ ነው።

፪. በሦስተኛው ቀን ቁልፉን እስከ መጨረሻው ሲያዞሩት ገላዋ እንደ ደጋን ተለመጠ፤ ምላሷን ነከሰች፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ተሰብረው ከደም ጋር ወጡ፤ ጸጉሯ ከነቆዳው ተቃጠለ። «ኧረ በአላህ፣ በማርያም፣ ገደሏት!» ብዬ ስጮህ «ዝም በይ፣ ይቺ እንጨት ናት፤ አይሰማትም» ብለው አረጋጉኝ። ወንድማችን አካሉ ሽቦውን ሊነቅል እጁን ሲዘረጋም ጥበቃዎ ክንዱን በዱላ ሰብሮ ሥርዓት አስከበረ።

፫. ከግቢዎ ገፍትረው ስላስወጡን ከሁሉ በላይ አመሰግናለሁ፤ ባያባርሩን ደሴ አንደርስም ነበር። እዚያ አንዲት ሐኪም ቁስሉን አይታ «አንጎልን በኤሌክትሪክ ማነቃቃት በእርግጥ አለ፤ የሚሰጠው ግን እጅግ በአነስተኛ ኃይል፣ በብዙ ጥንቃቄ ነው። ይህ ቃጠሎ ነው» አለችን። ከዚያ እህቴ ላይ ጎንበስ ብላ «ፍቅርአዲስ፣ ከሰማሽኝ ሁለት ጊዜ ጨፍኚ» አለቻት።

ጨፈነች። ሁለት ጊዜ።

ሐኪሟ «ካሁን ቀደም ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አለ?» አለች። ማንም አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁና «ያን ቀን ሕመሙ ተሰምቶሽ ነበር ወይ?» አልኋት። ሁለት ጊዜ ጨፈነች፤ እንባዋ ወደ ተቃጠለው ጆሮዋ ወረደ።

ቁስሏን ባጠብሁ ቁጥር ስምዎን የማነሣ፣ ውለታዎን እስከ መቃብር የማልረሳ አክባሪዎ፣

ሙሉሐረግ ቃለ ክርስቶስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ፖሊስ ለእህቴ የአምስት ሰዎች ፎቶግራፍ አሳያት። አራቱን ዝም ብላ አየች፤ እርስዎ ላይ ስትደርስ ምልክቷን ሰጠች። ዳኛውም የመያዣ ትእዛዙን ፈርመዋል። ፖሊሶቹ ከዚህ ደብዳቤ ቀድመው ከደረሱ፣ ስለ መዘግየቴ ከታላቅ አክብሮት ጋር ይቅርታ እጠይቃለሁ።