የዶ/ር ሩዋይዳ የህያ ኅልፈትና የማይዘገየው የጭድ ነዳጅ ጥናት

ለማኅበራችን አባላት፣ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነዋሪዎች በሙሉ፦

የሰብል ተረፈ ምርት ነዳጅ ጥናት ማኅበር የምርምር ኃላፊ የነበሩት ዶ/ር ሩዋይዳ የህያ፣ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዕለቱ በትውልድ ከተማቸው በሰበታ ተፈጽሟል። ማኅበሩ በእጅጉ አዝኗል።

ዶ/ር ሩዋይዳ በ2009 ዓ.ም. ማኅበሩን ተቀላቅለው ከጤፍ ጭድ፣ ከስንዴ ገለባና ፍሬው ከተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ የሚሠሩ ነዳጆችን ማነጻጸር ጀመሩ። የመጀመሪያ ሪፖርታቸው የጤፍ ጭድን አስቀድሞ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. አንድ የነዳጅ ፋብሪካ በዚያ ሪፖርት መሠረት ጭድ በጅምላ መግዛት ጀመረ። የሱሉልታ ከብት አርቢዎች መኖ አጡ፤ የሚታለቡ ላሞቻቸውን ለሥጋ የሸጡም ነበሩ። ዶ/ር ሩዋይዳ ይህን በዓይናቸው አይተው የገዛ ሪፖርታቸውን ሻሩ። የከብት መኖና የአፈር ለምነት ታስቦ ጥናቱ እንደገና ሲሠራ ጭዱ መጨረሻ ወጣ፤ ከብት የማይፈልገው ቆረቆንዳ ቀደመ።

የፋብሪካው ኃላፊዎች የቀድሞው ውጤት እንዲመለስ በስብሰባ ላይ ሲጠይቁ፣ ዶ/ር ሩዋይዳ ሁላችንም ባለንበት እንዲህ አሉ፦ «ፋብሪካችሁን አልጠላም። ቆረቆንዳ ግዙ፣ አብሬያችሁ እሠራለሁ። የላም መኖ እየወሰዳችሁ ግን ‹ዘላቂ ነዳጅ› የሚል ፊርማ ከእኔ አታገኙም።»

ፋብሪካው ለጥናቱ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቋረጠ። እሳቸው ግን አላቋረጡም፤ ሐኪም ዕረፍት ካዘዘላቸው በኋላም ቆረቆንዳ በባጃጅ አስጭነው ወደ ቤተ ሙከራ ይመጡ ነበር።

ከቀብሩ ማግስት ፋብሪካው ሐዘኑን ገልጾ፣ «ለሟች ክብር ሲባል» የጥናቱ ይፋ መደረግ እንዲዘገይ ጠይቆናል። ጥያቄውን ለወላጅ እናታቸው ለወ/ሮ ራዲያ አቀረብን። «ልጄ እስከ መጨረሻው የለፋችው እንዲሰማ ነው» አሉን። «በእሷ ስም ዝም እንዳትሉ።»

ስለዚህ መልሳችን፦ አናዘገይም። ከጥናቱም አንድ መስመር አንቀንስም።

ለወ/ሮ ራዲያ፣ ለዶ/ር ሩዋይዳ ባለቤት ለአቶ ኡበይድ፣ ለልጆቻቸውና አብረዋቸው ለደከሙ ባልደረቦቻችን አላህ ብርታቱን ይስጥልን፤ እሳቸውንም በጀነት ያኑርልን።

ጥናቱ የፊታችን ቅዳሜ በቡራዩ የስብሰባ አዳራሽ በዶ/ር ሩዋይዳ ስም፣ ሙሉው ይነበባል። የፋብሪካው ኃላፊዎችም ተጋብዘዋል፤ ከፊት ቦታ ይዘንላቸዋል።