ሜዳውን የዞረው ማን ነው?

ሪንኮን ዴል ፒኖ፣ ኒው ሜክሲኮ
ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል

የእኔ ጌታ ፔርፌክቶ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እንቅልፍ ግን የለኝም። አንተና ቡድንህ የምታጠፉት የደን እሳት ጭስ ተራራውን ተሻግሮ እኛ ድረስ ስለሚመጣ ልብስ ውጭ ማስጣት ትተናል። በርበሬው ደህና ይዟል፣ የቦዩ ውሃ ተራችን ሐሙስ ነው፣ ውሻህ ቀኑን ሙሉ በር በሩን እያየ ይውላል። በደወልክ ቁጥር "ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ብለህ ጆሮዬ ላይ ስለምትዘጋው፣ ዛሬ በወረቀት መጥቼብሃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ ያልጣመኝ ለእሳት ማጥፋቱ ሥራ ከምትፈተኑት የሸክም ፈተና ቀን ጀምሮ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ፀደይ በመጣ ቁጥር፣ ያንን ከባድ ሰደርያ ለብሰህ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ስትዞር አውቅሃለሁ። ስትመለስ ሸሚዝህ በላብ ርሶ፣ ትከሻህ ቀልቶ፣ ገና ከበር "ኦፌሊያ፣ ሙቅ ውሃ!" እያልክ ነው የምትገባው። ዘንድሮ ግን ሸሚዝህ ደረቅ፣ ፀጉርህ የተበጠረ። "እንዴት ነበር?" ስልህ "እንደ ሽርሽር ነው ያለፈው" አልከኝ። ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው፣ እንደ ሽርሽር!  

በማግስቱ ወንድምህ ፋኩንዶ መጣ። ከመኪናው ወርዶ እስከ ደጃችን ለመድረስ እንደ አራስ እየተጎተተ ነው። ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል "ወይኔ እናቴ!" አለ።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ከመሰላል ወድቄ ነው፣ እትዬ ኦፌሊያ።"

"ከማን መሰላል?"

"ከ... ከእናንተው መሰላል።"

"የእኛ መሰላል እኮ ከገና ጀምሮ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ነው ያለው። እዚያ ድረስ ወጥተህ ነው የወደቅከው? ቄሱ አላዩህም?"

 ጎንበስ ሲል የሸሚዙ አንገትጌ ተከፈተና ቀይ ሰንበር አየሁ። በየዓመቱ እኔ በእጄ ቅባት የምቀባልህ ሰንበር ነው፣ ቦታው እንኳን አልተሳሳተም። መልካችሁ አንድ፣ ጺማችሁ አንድ፣ ኮፍያችሁ አንድ። ፈታኙም ዘንድሮ ከሩቅ የመጣ አዲስ ሰው ነው። "ፔርፌክቶ!" ብሎ ሲጠራ "አቤት" ያለውን ሰው አሳለፈ፣ በምን ይለየው?

እኔ ግን አሁንም ለራሴ ምክንያት ፈለግኩልህ። ጉልበቱን አሞት ይሆናል፣ በእርጅናው አፍሮ ይሆናል አልኩ። አንተ ከሄድክ በኋላ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ድንገት ደግ ሆነብኝ። ያቺ ቤርናርዲታ፣ ባሏ በአንተ ቡድን መጋዝ የሚይዘው፣ በቦዩ ውሃ ከተጣላን ወዲህ ፊቷን ስታዞርብኝ የኖረችው፣ የአሳማና የበቆሎ ወጥ ድስት ሙሉ ይዛልኝ መጣች። "ፔርፌክቶ ደህና ነው? በደንብ ይተነፍሳል?" ትለኛለች። ጉድ እኮ ነው! ሰው ስለ ሰው ባል "ይበላል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ "ይተነፍሳል ወይ?" ይላል? 

ትናንት ፋኩንዶ ቤት ገብቼ በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። "በእናትህ አፈር፣ እውነቱን ንገረኝ" አልኩት። አለቀሰልህ።

"ልቡ ነው፣ እትዬ። ሐኪሙ ዳገት እንዳይወጣ፣ ሸክም እንዳይነካ ብሎታል። ፈተናውን ያለፈ አለቃ ከሌለ ደግሞ የደን ቢሮው ቡድኑን ለእሳት አይጠራውም። ሃያ ሰው ሥራ ፈትቶ ሊከርም ነው። ሁሉም ለመኑኝ፣ እሱም ለመነኝ። ምን ላድርግ?"

እኔን ግን "የጨጓራ ነው" ነበር ያልከኝ! ቅመም አትብላ ተብያለሁ ብለህ፣ በርበሬ የሌለው ወጥ ስሠራልህ የከረምኩት ለልብህ ኖሯል። መናደድ የሚለው ቃልም አይበቃኝም፣ ፔርፌክቶ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሃያ ቤተሰብ ነው፣ አልክድም። ልጆቻቸውን በስም አውቃቸዋለሁ። ግን ማርሴላስ? ስንት በጋ በሥርህ የምድብ መሪ ሆና ሠርታለች። የአለቃነት ኮርሱን ጨርሳለች። የቀራት አንድ ነገር ነው፣ ብቁ የሆነ አለቃ አብሯት ውሎ፣ ቡድኑን ስትመራ አይቶ "ትችላለች" ብሎ መመስከር። ባለፈው ክረምት እኛው ጠረጴዛ ላይ "ምን አጠፋሁ፣ ዶን ፔርፌክቶ?" ስትልህ "ገና ነሽ" አልካት። ልጅቷ ሳህኗን ሳትጨርስ ተነሳች። ያን ጊዜም ጠርጥሬህ ነበር፣ ዛሬ በግልጽ ልጠይቅህ፤ እሷ ገና ሆና ነው ወይስ እሷ ከደረሰች አንተን የሚጠራህ እንዳይጠፋ ብለህ ነው? መልሱን ለእኔ አትንገረኝ፣ ለእሷ ንገራት። በሞቴ፣ ከተራራው ሳትወርድ ንገራት።

አንድ ቀን ዳገት ላይ ብትወድቅስ ብለህ አስበሃል? ሃያዎቹ እሳቱን ትተው አንተን በቃሬዛ ሊሸከሙህ ነው። ነፋሱ ቢዞርባቸው ማን ያወጣቸዋል? ቤርናርዲታስ ያን ጊዜ ማንን ምን ብላ ልትጠይቅ ነው?

እንግዲህ ካልተቀመጥክ ተቀመጥና ስማኝ። ዛሬ ጠዋት ፋኩንዶን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ሜዳውን ማን እንደዞረ በራሱ አፍ ተናገረ። ቅጣት እንዳለበት ነግረውታል፣ ይቀበላል። አንተም ያገኝሃል። የሰፈሩ ሴቶች ነገሩ ከደረሳቸው ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቀመጥ አይኖርም፣ እሱንም አስቤበታለሁ። ግን ቡድኑን አልበተኑትም። ከሌላ ወረዳ አንድ አለቃ አግኝተዋል፣ ፈተናውን በራሱ እግር ያለፈ። ማርሴላ ከእሱ ጋር ትሠራለች፣ እሱም አይቷት ይመሰክርላታል ወይም አይመሰክርላትም፤ እንደ ሥራዋ።

ይህን ወረቀት በእጅህ የሰጠህ ሰው ይኸው አዲሱ አለቃ ነው። አንብበህ እስክትጨርስ ፊት ለፊትህ ቆሞ ይጠብቅሃል። ምንም ጥፋት የለበትም፣ እንዳትጮህበት። ራዲዮውን ስጠውና ውረድ።

በእሳት የተፈተነው ቅዱስ ሎሬንዞ ከቡድኑ ልጆች ጋር ይሁን፣ እመቤታችን አንተን ቀስ አድርጋ ታውርድህ። ሰፈሩ ይጥላኝ። አንተም ጥላኝ፣ ክረምቱን ሙሉ አታናግረኝ፣ ግን እዚሁ ቤት ቁጭ ብለህ ጥላኝ።

ኦፌሊያህ