የእሌኒ ሩጫና የሽማግሌዎቹ ሰላምታ

ከአስካለ፣ ለዘይነት፣ ናዝሬት

ዘይኑዬ፣ ልጠይቃት የመጣሁት፣ ከናዝሬት ወደዚህ ጣና ዳር የገባችው የድሮ ጎረቤታችን ባንቺአየሁ ወገቧ ተሽሏት ቀጥ ብላ መሄድ ጀምራለች። ባሏም የፋብሪካውን ሥራ ለምዶታል። ያቺ አንቺ ያዘልሻት ልጃቸው እሌኒማ ሯጭ ሆና አረፈችው! እሁድ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን የሚመረጡት በዚህ ፖስት ካርድ ሥዕል ላይ በምታይው የጣና ዳር መንገድ ሮጠው ነው።

ትናንት ጠዋት አብሬያት ወጥቼ ዋርካ ሥር ተቀምጬ አየኋት። የሐይቁን ዳር ደንገል ታካ ስትበር ቆይታ፣ ሽማግሌ ባየች ቁጥር ቆማ እጅ ትነሳለች።

"ኧረ ዝም ብለሽ እለፊ!" ብላት፣

"እንዴት አድርጌ፣ እትዬ አስካለ? ስድ ይሉኛል እኮ" አለችኝ።

እኛ ዘንድ የሚሮጥ ሰው ምን ሰርቆ ነው ይባላል፤ እዚህ ደግሞ የቤተሰቡን ደኅንነት ሳይጠየቅ አያልፍም። እናቷ "እንዲህ እየቆመች ማን ይመርጣታል?" እያለች ስትብሰለሰል ሰነበተች።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን፣ ሙሀመድዘይንን፣ ልጆቹንም ሳሚልኝ።

ጠርዙ ላይ ይቺን ልጨምርልሽ፦ አሁን ይህን ስጽፍ የቄስ ትምህርት ቤቱ መምህር የኔታ አገኘሁ ብቅ ብለው ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ናቸው። "እሁድ መንገዱ ዳር እቆማለሁ። የልጅቱን ሰላምታ ለሁሉም እኔ አቀርብላታለሁ፤ እሷ ዞር ሳትል ትሩጥ!" ብለው ሄዱ።