ጋዝ አያልቅም

መጋቢት 6

ሙቀት። ጋራዡ በር ላይ መኪና ተሰልፎ ዋለ፤ ሁሉም «ኤሲው አልቀዘቅዝ አለኝ» ባይ። እኔ ኤሌክትሪኩን፣ ባሌ ኤሲውን... እንደ ወትሮው። አንድ ሽማግሌ «ጋዙ አልቆ ነው፣ ሙላልኝ» አሉት። ይኸው ጀመረ! «አባቴ፣ ጋዝ አያልቅም! ይፈሳል! የሚፈስበትን ሳላገኝ ጠብታ አልሞላም!» ይህን ስብከቱን በእንቅልፌም አልስተውም።

የራሳችን መኪና ኤሲ ከሞተ ሦስተኛ በጋው ነው። ከሥራ ስንመለስ መስኮት ከፍተን፣ አቧራ እየቃምን... «እሑድ አየዋለሁ» ይላል። የትኛው እሑድ?

መጋቢት 9

ያቺ ባለ ሰማያዊ መኪና ደንበኛችን መጣች። መኪናዋ አሮጌ ናት፣ ቀለሟ የለቀቀ። ሴትዮዋ ግን... ይቅር። ጋዝ ልታስሞላ ነው። ባለፈው ወርስ መጥታ አልነበር? ከዚያ በፊትስ?

እጁን በሳሙና ታጥቦ ተቀበላት። እጁን! ለእኔ በግራሶ እጁ ዳቦ የሚቆርስልኝ ሰውዬ። ማሽኑን ሰካ፣ ሞላላት፣ ኮፈኑን ዘጋ። የሚፈስበትን ዞር ብሎም አላየ። ጠብታ አልሞላም ባዩ! ከሄደች በኋላ እንኳን ጥርሱ አልከደን ብሎት ዋለ።

ምን እለዋለሁ? ለደንበኛ ፈገግ አልክ ልበለው?

መጋቢት 10

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። አልቀለለኝም።

መጋቢት 28

ባለ ሰማያዊዋ ደግሞ መጣች። እሱ ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል። እሰይ!

«እህቴ፣ ጋሼ የለም እንዴ? ጋዙ አለቀብኝ።»

«ጋዝ አያልቅም።»

ሳቀች። «እንዴ! እሱ አይደል እንዴ የነገረኝ? እንደ ቤንዚን ነው፣ በየጊዜው ያልቃል ብሎ።»

ያልቃል ብሎ?! እሱ? ደሜ ፈላ። እሷን ግን ምን ልበላት... የነገራትን አመነች።

ኮፈኑን ከፈትኩ። የሳሙና አረፋ በብሩሽ ቀባሁ። ቱቦው ከኮምፕሬሰሩ ጋር በሚታሰርበት ዳዶ ሥር አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ዙሪያው በዘይት ጠቁሯል፤ አረፋም አያስፈልገውም ነበር። አይቶታል። ሳያየው አይቀርም።

የቀረውን ጋዝ በማሽን መልሼ ሳብኩ፣ ያረጀውን የጎማ ቀለበት ቀየርኩ፣ አጥብቄ አሰርኩ፣ ሞላሁ። በመጨረሻ ከዳዶው እስከ ቱቦው በነጭ ቀለም አንድ መስመር አሰመርኩ። ልማዴ ነው፤ ዳዶው ከዞረ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል።

ልትሄድ ስትል ደረሰ።

«ነካሽው እንዴ?»

«ሠራሁት።»

ፊቱ ትንሽ ልውጥ አለብኝ። «እስቲ ልሞክራት» ብሎ መኪናዋን ብቻውን ይዟት ወጣ። ሲመለስ «ጎበዝ» አለኝ። ጎበዝ ነኝ። ያጠራጥራል?

ሚያዝያ 4

መጣች። ላብ በላብ ሆና። «ሥራሽ አልያዘም መሰለኝ» አለችኝ፣ በትህትና። እኔ ዘንድ የተሠራ ተመልሶ አያውቅም!

ኮፈኑን ከፈትኩ። መስመሩ ለሁለት ተከፍሏል። ዳዶው ወደ ኋላ ዞሯል፤ ጠርዙ ላይ ትኩስ የቁልፍ ጭረት።

«ከእኔ በኋላ ማን ከፈተው?»

«ማንም። እኔ ራሴ እንዴት እንደሚከፈት እንኳ አላውቅም።»

ማንም... ልሞክራት ብሎ ይዟት ከወጣው በቀር።

ጠራሁት። ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «አጥብቀው።» መስመሩን አየ። እኔን አየ። አጠበቀ። የመስመሩ ሁለት ጫፎች ተገናኙ።

ጋዙን እኔ ሞላሁላት። «ከእንግዲህ አያልቅም» አልኳት። «ካስቸገረሽ እኔን ጠይቂ።» አመስግናኝ ሄደች፤ ምንም አልገባትም።

ሚያዝያ 5

ምሳ አቀረብኩለት። ከዚያ፦

«ምንም አላደረግኩም።»

«ዳዶ ፈትተሃል።»

«ከዚያ ሌላ ማለቴ ነው።»

ከዚያ ሌላ! መሳቅ አማረኝ። ጭራሽ የእኔን ሥራ፣ በእኔ ስም...

«ስሠራ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች» አለ። መሬት መሬቱን እያየ። «ይሄ ምንድን ነው፣ ያ ለምንድን ነው ትለኛለች። አንቺ ሁሉን ታውቂያለሽ።»

ይህ ነው ጥፋቴ? ማወቄ? መጀመሪያ ያየኝ ዲናሞ ፈትቼ ስገጥም ነበር። ያኔ ይህንኑ ነበር የወደደው... ወይስ የወደደ መስሎኝ ነው?

አለቀስኩ። ከንዴት ነው።

ሚያዝያ 13

እሑድ። ሳልለምነው፣ ሳልጨቀጭቀው፣ ከማለዳ ጀምሮ የራሳችን መኪና ሥር ተጋድሞ ዋለ። መጀመሪያ በመስኮት ነበር የማየው። ኋላ ወጥቼ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። የሚፈስበትን ፈልጎ አገኘ፤ ቱቦው ራሱ ተሰንጥቋል። ቀየረው፣ ሞላው።

«ነይ ግቢ።»

ገባሁ። መስኮቱን ዘጋን። ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ነካኝ... ሦስት በጋ! ዓይን ዓይኔን ያያል።

«ቀዘቀዘ?»

«ቀዘቀዘ።»

ሌላም ቃል ጠበቀ። አልሰጠሁትም።

ወርጄ ነጩን ቀለም ከሣጥኔ አመጣሁ። ኮፈኑን ከፍቼ የአዲሱ ቱቦ ዳዶ ላይ ጎንበስ ስል መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ዝም ብሎ እጄን ያያል።

«ይሄ መስመር ለምንድን ነው?» አለኝ። እያወቀ።

«ማን እንደፈታው እንዳውቅ» አልኩት፤ እና አሰመርኩ።